ስለ ንጉሥ ሴጆንግ የጠየቃችሁኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ

ኮሪያን ብዙዎቻችን የምናውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በቃኘው ሻለቃና በድራማ። እኔ ለትምህርት ሄጄ ጥቂት ዓመት ሴኡል ኖሬያለሁ። እዚያ ሳለሁ የአንድ ንጉሥ ታሪክ ልቤን ወሰደው። ዛሬም ስለሱ የተጻፈ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አላልፍም። ሰሞኑን "ስለ ሴጆንግ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅሁት በላይ ጎረፈ። የሚደጋገሙትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ መልሱ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለማያውቀው ሰው፣ ሴጆንግ ማነው?

መልስ፦ ኮሪያን ይገዛ የነበረው የጆሶን ሥርወ መንግሥት አራተኛ ንጉሥ ነው። ሥርወ መንግሥቱን በ1392 ያቆመው አያቱ ዪ ሶንግጌ ነው። ሴጆንግ በ1397 ተወለደ፣ ከ1418 እስከ 1450 ነገሠ። የራሱ ስም ዪ ዶ ነው። "ሴጆንግ" በሕይወት እያለ ማንም የጠራው ስም አይደለም፤ የኮሪያ ነገሥታት እንዲህ ያለው ስም የሚወጣላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ዛሬ ደቡብ ኮሪያ ሄዳችሁ 10,000 ዎን ብትይዙ ኖቱ ላይ የምታዩት እሱን ነው።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ልጅ ነበር ይባላል። ታላላቆቹ እያሉ ዙፋኑ እንዴት ለሱ ደረሰ?

መልስ፦ እውነት ነው፣ ሁለት ታላላቅ ወንድሞች ነበሩት። አልጋ ወራሹ የመጀመሪያው ልጅ ያንግንዮንግ ነበር። ግን ትምህርት አይወድም። ሌሊት ከቤተ መንግሥት ሾልኮ ይወጣል፣ በሴት ጉዳይ ከአባቱ ጋር ተጣልቷል። አባትየው ቴጆንግ ዓመታት ታገሠው። በመጨረሻ በ1418 ሻረው።

ሁለተኛው ልጅ የታለፈበትን ምክንያት ሳነብ ደንቆኛል። አባትየው ካነሷቸው ነገሮች አንዱ መጠጥ ነው። የቻይና መልእክተኛ ሲመጣ ንጉሡ አብሮ ጽዋ ማንሳት አለበት። ሁለተኛው ልጅ ጠብታ አይቀምስም። ሦስተኛው ግን በልኩ ይጠጣል፣ በልኩም ያቆማል። ዋናው ምክንያት ግን ንባቡ ነው። ልጁ ታሞ እንኳ መጽሐፍ አይለቅም ነበር። አባቱ ዓይኑ እንዳይጎዳ ብሎ መጽሐፎቹን በሙሉ ከክፍሉ አስወጣበት፤ ከመጋረጃ ጀርባ የተረሳች አንዲት መጽሐፍ አግኝቶ እሷኑ ደጋግሞ ሲያነብ ከረመ ተብሎ ይተረካል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሰው ሳልነግራችሁ አላልፍም። ሁዋንግ ሂ የሚባል ሹም "ታላቁ ልጅ መሻር የለበትም" ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ለዚህም ተጋዘ። ሴጆንግ ከነገሠ በኋላ በ1422 ከግዞት ተመለሰ። ንጉሡ ቂም አልያዘበትም፤ ጭራሽ ጠቅላይ ሚኒስትር አደረገው። 18 ዓመት በዚያ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "አንተ አትንገሥ" ያለውን ሰው ቀኝ እጁ ያደረገ ንጉሥ በየትም አገር ታሪክ ውስጥ ብዙ አታገኙም።

ጥያቄ፦ አባቱ ጨካኝ ነበር ይባላል። ሴጆንግን ጎድቶታል?

መልስ፦ በጣም። ቴጆንግ ወንድሞቹን ገድሎ ሥልጣን የያዘ ሰው ነው። ዙፋኑን ለልጁ ቢለቅም ጦሩን ግን አልለቀቀም። "የሚስት ዘመድ ጉልበት ካገኘ መንግሥት ይገለብጣል" ብሎ ይፈራል። ሴጆንግ በነገሠ በጥቂት ወራት ውስጥ የንግሥቲቱን አባት ሺም ኦንን በክህደት ከሶ አስገደለው። ሰውየው ለመልእክት ቻይና ሄዶ ሲመለስ ነው ድንበር ላይ የተያዘው። የንግሥቲቱ እናት የመንግሥት ባሪያ ሆነች።

የ21 ዓመቱን ወጣት ንጉሥ አስቡት። አማቱ ሲገደል ማዳን አልቻለም። ሚስቱን ግን አልፈታም። "የወንጀለኛ ልጅ ስለሆነች ንግሥትነቷ ይሰረዝ" ያሉ ሹማምንት ነበሩ፤ እሷ ግን እስክትሞት ንግሥት ሆና ኖረች። አባቱ በ1422 ሞተ። እውነተኛው የሴጆንግ ዘመን የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የኮሪያን ፊደል ራሱ ነው የፈጠረው ወይስ ምሁራኑ ሠርተው ለሱ ሰጡት?

መልስ፦ ብዙ ሰው የጠየቀኝ ይሄንን ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል በ1443 መጨረሻ ላይ "በዚህ ወር ንጉሡ ራሱ 28 ፊደላትን ፈጠረ" ይላል። ከዚያ በፊት ስለ ሥራው አንዲት ቃል የለችም። በየቀኑ የንጉሡን ንግግርና ሥራ የሚጽፉ ጸሐፊዎች ባሉበት ግቢ ይህ ዝምታ ሥራው በድብቅ እንደተሠራ ያሳያል። ምሁራኑ የገቡት በኋላ ነው። ጂፕዮንጆን የሚባለው የቤተ መንግሥት የጥናት ተቋም ወጣቶች ከሽማግሌው ጆንግ ኢንጂ ጋር ሆነው የፊደሉን አሠራር የሚያስረዳ መጽሐፍ አዘጋጁ። በ1446 ለሕዝብ ተገለጸ። መጠሪያውም "ሁንሚንጆንግም" ተባለ፤ "ሕዝብን ለማስተማር ትክክለኛ ድምፆች" እንደማለት ነው። "ሃንጉል" የሚለው ስም የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው።

ለምን አስፈለገ? ኮሪያውያን እስከዚያ ድረስ የሚጽፉት በቻይና ፊደል ነው። ያ ፊደል በሺዎች የሚቆጠር ምልክት አለው፤ ለሌላ ቋንቋ የተሠራ ነው፤ ለመማርም ዓመታት ይፈጃል። ገበሬ ያንን ለመማር ጊዜውን ከየት ያመጣል? ንጉሡ በመግቢያው ላይ የጻፈው አጭር ነው። ያልተማረው ሕዝብ የሚናገረው እያለው ሐሳቡን ሳይገልጽ ይቀራል፣ ይህ አሳዘነኝ፣ ስለዚህ ማንም በቀላሉ ተምሮ በየቀኑ እንዲጠቀምበት 28 ፊደል ሠራሁ ይላል። ይህችን መግቢያ ባነበብኩ ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል። እኔም ፍርድ ቤት ማመልከቻ ለማስጻፍ ራፖር ጸሐፊ ፊት ተሰልፈው የሚጠብቁ እናቶችን እያየሁ ነው ያደግሁት።

ጥያቄ፦ ከኛ ፊደል ጋር ዝምድና አለው? አንዳንዱ ይመሳሰላል።

መልስ፦ የዘር ዝምድና የለውም። የኛ ፊደል ከደቡብ ሴማዊ ጽሕፈት የመጣ ነው፤ በብዙ መቶ ዓመታት እየተለወጠ እዚህ የደረሰ ነው። የነሱ ደግሞ በአንድ ሰው ዕድሜ የተሠራ ነው። አንዳንድ ምሁራን ሞንጎሎች ይጠቀሙበት ከነበረው የጳግስፓ ጽሕፈት የተወሰደ ሐሳብ አለበት ይላሉ።

አሠራሩን ግን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ደስ ይላል። አሁን ጮክ ብላችሁ "ነ" በሉ። የምላሳችሁ ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ጀርባ ወጥቶ ተለጠፈ አይደል? የኮሪያው "ን" የተሳለው ያንን ቅርጽ ይዞ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መስመር። አሁን "ገ" በሉ። የምላሳችሁ ሥር ወደ ኋላ ተነሥቶ ጉሮሮ ዘጋ። የ"ግ" ፊደል ያንን ይመስላል። "መ" ስትሉ ከንፈር ይገጥማል፤ ፊደሉ አፍን የሚወክል አራት ማዕዘን ነው። "ሰ" የጥርስ ቅርጽ አለው። የጉሮሮው ድምፅ ክብ ነው። አምስቱ መሠረቶች እነዚህ ናቸው። ድምፁ ጠንከር ሲል መስመር ይጨመራል። "ን" ላይ መስመር ሲጨመር "ድ" ይሆናል፤ ሌላ መስመር ሲጨመር ትንፋሽ ያለው "ት" ይሆናል። አናባቢዎቹ የተሠሩት ከሦስት ምልክት ነው። ነጥቡ ሰማይ፣ አግድም መስመሩ ምድር፣ ቀጥ ያለው መስመር ሰው ነው።

ከኛ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ይታያል። እኛ "ለ"ን "ሉ" ስናደርግ አናባቢው ከፊደሉ አካል ጋር ይዋሃዳል። እነሱ ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ ይጽፉና በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገጣጥሟቸዋል። ዛሬ የሚሠራባቸው 24 ናቸው፤ አራቱ በጊዜ ብዛት ቀርተዋል። ጆንግ ኢንጂ "ብልህ ሰው ጧት ሳያልፍ፣ ሞኝም በ10 ቀን ይማረዋል" ብሎ ነበር። እኔን ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። የገባኝ ቀን ሴኡል ባቡር ውስጥ የጣቢያ ስም ሁሉ እየጮህኩ ሳነብ አጠገቤ የነበሩ አሮጊት እጄን ይዘው ሳቁ።

ጥያቄ፦ እንዲህ ጥሩ ነገር ከሆነ ለምን ተቃወሙት?

መልስ፦ ዋናው ተቃዋሚ ቼ ማሊ ነው፤ እሱም የጂፕዮንጆን ከፍተኛ ምሁር ነበር። በ1444 ከጓደኞቹ ጋር አቤቱታ አስገባ። ክርክሩ ሞኝነት እንዳይመስላችሁ፤ ለዘመኑ ጠንካራ ነው። ቻይናን አክብረን እየኖርን የራሳችንን ፊደል ብናወጣ ያስንቀናል፤ የራሳቸው ጽሕፈት ያላቸው ሞንጎል፣ ጃፓንና ቲቤት የመሳሰሉት ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ጋጠ ወጥ ናቸው፤ ቀላል ፊደል ከመጣ የጠቢባንን መጻሕፍት ማን ይማራል አሉ። ቀላል ፊደል ካለ ፍርድ ይቃናል ለሚለውም መልስ ነበራቸው። ቻይና ውስጥ ንግግሩም ጽሕፈቱም አንድ ነው፣ ፍርዱ ግን እዚያም ይጓደላል፤ ጉዳዩ የዳኛው እንጂ የፊደሉ አይደለም አሉ።

ንጉሡ ተቆጣ። "ስለ ድምፅ ጥናት ምን ታውቃላችሁ? ይህን እኔ ካላስተካከልኩ ማን ያስተካክላል?" አላቸው። አሰራቸው። በማግስቱ ፈታቸው። ሹመቱን ያጣም፣ የተቀጣም ነበር። ቼ ማሊ ሥራውን ትቶ ሄደ። እኔ ፍርዴ ከንጉሡ ጋር ነው፤ ግን የቼ ማሊ ጽሑፍ ሳይጠፋ በዚያው ዜና መዋዕል ውስጥ ሙሉውን መቀመጡን አከብራለሁ።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን ሕዝበ ውሳኔ አድርጓል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ ቁጥሩም አለ። በ1430 አዲስ የመሬት ግብር አሰበ። የድሮው ዘዴ በየዓመቱ ሹም እየሄደ ምርቱን አይቶ ግብር የሚተምንበት ነበር። ጉቦና አድልዎ በዛበት። ንጉሡ ከሚኒስትር እስከ ተራ ገበሬ ይጠየቅ አለ። ወደ 170,000 ሰው ተጠየቀ። 98,657 ደገፈ፣ 74,149 ተቃወመ። ለም መሬት ያለው ደቡብ ደገፈ፤ መሬቱ ደረቅ የሆነው ሰሜን ተቃወመ።

አብዛኛው ደግፏል ብሎ ወዲያው አላወጀውም። የተቃወሙት ለምን እንደተቃወሙ ገባው፤ ጭንጫ መሬት ያለው ሰው እኩል ከፍሎ አይችልም። ከ10 ዓመት በላይ ተመከረበት። በ1444 የወጣው ሕግ መሬቱን በስድስት ደረጃ፣ የዓመቱን ምርት በዘጠኝ ደረጃ ከፈለ።

ጥያቄ፦ ለባሪያዎች የወሊድ ፈቃድ ሰጥቷል?

መልስ፦ ሰጥቷል። የመንግሥት ባሪያ የሆነች ሴት ከወለደች በኋላ 100 ቀን እንድታርፍ በ1426 ፈቀደ። በኋላ "ሥራ ላይ እያለች ምጥ ይይዛታል" ብሎ ከመውለዷ በፊት አንድ ወር ጨመረላት። በ1434 ደግሞ ለባልየው 30 ቀን ሰጠ፤ የሚያርሳት ከሌለ እናትየው ትሞታለች በሚል ነው። ልብ በሉ፣ ባርነቱን ግን አልሻረም።

ጥያቄ፦ ጃንግ ዮንግሺል የሚባለው ፈልሳፊ ታሪክ እንዴት አለቀ?

መልስ፦ አሳዛኝ ነው። እናቱ ዝቅተኛ መደብ ስለነበረች እሱም የመንግሥት ባሪያ ሆኖ ነው የተወለደው። ሴጆንግ የእጁን ጥበብ አይቶ ሹመት ሰጠው። "ባሪያ እንዴት ይሾማል" ተብሎ ግርግር ነበር። በ1434 ራሱን የሚደውል የውሃ ሰዓት ሠራ። ውሃው ሲሞላ ኳስ ይወርዳል፣ ኳሱ ሌላውን ይገፋል፣ ከእንጨት የተሠሩ ሰዎች ደወል፣ ከበሮና ቃጭል ይመታሉ። በዚያው ዓመት ድስት የሚመስል የፀሐይ ሰዓት መንገድ ዳር ተተከለ። ሰዓቱን ለማመልከት የእንስሳት ሥዕል ተደረገበት፤ ማንበብ የማይችል ሰው እንዲገባው። ፊደሉ ሊመጣ ገና ዘጠኝ ዓመት ቀርቶታል፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ በፊት ልቡ ውስጥ ነበር።

በ1442 ጃንግ በኃላፊነት ያሠራው፣ ንጉሡ ለጉዞ የሚቀመጥበት ወንበር ተሰበረ። ንጉሡ ገና አልተቀመጠበትም። ፍርዱ 100 ግርፋት ነበር፤ ንጉሡ ወደ 80 ዝቅ አደረገለት። ከሥራ ተባረረ። ከዚያ በኋላ ስሙ ከመዝገቡ ይጠፋል። እንዲህ የሚወደውን ሰው ለምን ሙሉ በሙሉ አላዳነውም? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ጥያቄ፦ ሙዚቃም ያውቅ ነበር?

መልስ፦ ጆሮው ስል ነበር። በ1433 ባክ ዮን የሚባለው የሙዚቃ ሊቅ አዲስ የድንጋይ ደወሎች ሠርቶ አስደመጠው። ንጉሡ "አንዷ ትንሽ ከፍ ትላለች፣ ለምንድን ነው?" አለ። ባክ ዮን ሄዶ ድንጋይዋን ሲያያት ለመፋቅ በቀለም የተሰመረችው መስመር አልጠፋችም። ሳትፋቅ የቀረችው የመስመሯ ውፍረት ብቻ ነበረች።

ጥያቄ፦ ጦርነትስ?

መልስ፦ በ1419 የባሕር ወንበዴዎችን ለመቅጣት 227 መርከብና 17,285 ሰው ወደ ጃፓኗ ጹሺማ ደሴት ዘምቷል፤ ያዘዘው ግን አባቱ ነው። የሱ ሥራ ሰሜኑ ነው። ምሽጎች አሠርቶ፣ ከደቡብ ሰው አስፍሮ ድንበሩን እስከ ያሉ ወንዝና እስከ ቱመን ወንዝ አደረሰ። የዛሬዋ ሰሜን ኮሪያ ድንበር በአብዛኛው ያ ነው።

ጥያቄ፦ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር አንድ ዘመን ነበሩ?

መልስ፦ ጥሩ አስተውለሃል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው። የውሃ ሰዓቱ ሴኡል ላይ የተደወለበት ዓመት እሳቸው ዙፋን ላይ የወጡበት ዓመት መሆኑ ነው። ግንኙነት አልነበራቸውም። ሁለቱም ግን ብዕር የያዙ ነገሥታት ናቸው።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ታመሰግነዋለህ፤ ጥፋት የለበትም?

መልስ፦ አለበት። በ1420 ተራ ሰው የአካባቢውን ሹም እንዳይከስ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ያጠፋ ሹም በሕዝብ ላይ እንዲፈነጭ በር ከፈተ፤ ንጉሡ በኋላ ሊያለዝበው ሞክሯል። በ1424 የቡድሃ ገዳማትን ቁጥር ወደ 36 አወረደ፣ መሬታቸውንም ወሰደ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ታሪክ እንዴት ተገኘ? ያስጻፈው ራሱ ከሆነ ይታመናል ወይ?

መልስ፦ ጥሩ ጥርጣሬ ነው። የጆሶን ጸሐፊዎች የጻፉትን ንጉሡ ማየት አይፈቀድለትም። አባቱ ቴጆንግ በ1404 ከፈረስ ወድቆ "ጸሐፊው እንዳይሰማ" አለ፤ ጸሐፊው ግን እንዳይሰማ ማለቱን ጭምር ጻፈው። ሴጆንግ በ1431 የአባቱን ዜና መዋዕል ለማየት ጠየቀ። ሹማምንቱ "አንተ ካየህ ከአንተ በኋላ የሚመጡትም ያያሉ፣ ጸሐፊውም ይፈራል" አሉት። ተወው። በ1438 እንደገና ጠየቀ፣ እንደገና ከለከሉት፣ እንደገና ተወው። የሱ ዘመን ዜና መዋዕል 163 ጥራዝ ነው።

ጥያቄ፦ በምን ሞተ? የመጨረሻ ዘመኑስ?

መልስ፦ በሽተኛ ነበር። ውሃ ያለልክ ይጠማው ነበር፤ የዛሬ ሐኪሞች ስኳር ነው ይላሉ። ዓይኑ እየደከመ ሄደ። በ1444 ለዓይኑ ወደ ቾጆንግ ጠበል መሰል ውሃ ሲሄድ የፊደሉን ሥራ ይዞ ሄዷል፤ ቼ ማሊ በአቤቱታው "እዚያም ማረፊያ ላይ?" ብሎ ከሶታል።

ከዚያ ሐዘን ተደራረበ። በ1444 አምስተኛ ልጁ ሞተ። በ1445 ሰባተኛው ሞተ። በ1446 መጋቢት አካባቢ ንግሥቲቱ ሶሆን ሞተች። ፊደሉ የታወጀው በዚያው ዓመት ነው። ሁለተኛ ልጁን የቡድሃን ሕይወት በአዲሱ ፊደል እንዲጽፍላት አዘዘው፤ ራሱም መዝሙር ደረሰ። ገዳም ዘግቶ የነበረው ንጉሥ ለሚስቱ ነፍስ በቡድሃ መዝሙር አለቀሰ። በአዲሱ ፊደል ከተጻፉት የመጀመሪያ ሥራዎች መካከል እነዚህ አሉበት።

በ1450 ከንግሥቲቱ በወለደው በትንሹ ልጁ ቤት አረፈ። ከሱ በኋላ የመጀመሪያ ልጁ ሁለት ዓመት ብቻ ነገሠ። ሁለተኛው ልጅ የወንድሙን ሕፃን ልጅ ዙፋን ነጠቀ፤ ሕፃኑም በ1457 ተገደለ። ፊደሉን አብረው ካዘጋጁት ወጣቶች ሶንግ ሳምሙን ሕፃኑን ልመልስ ብሎ ተገደለ፤ ሺን ሱክጁ ከነጣቂው ጋር ቆሞ ተሾመ።

ጥያቄ፦ ኮሪያ ልሄድ ነው። መቃብሩን ማየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ከሴኡል ደቡብ ምሥራቅ ዮጁ የምትባል ከተማ ናት። ቦታው ዮንግንንግ ይባላል። በ1469 ነው ወደዚያ የተዛወረው። ከግቢው በር እስከ ላይ በጥድ መካከል ትሄዳለህ። ከላይ ስትደርስ አንድ ትልቅ በሣር የተሸፈነ ጉብታ ታያለህ። ጉብታው አንድ ነው፣ ከፊቱ ያለው የድንጋይ ጠረጴዛ ግን ሁለት ነው። አንዱ የሱ ነው፣ አንዱ የሶሆን።